እሑድ እሑድ ባሮ ድልድይ ላይ

አንዲት ሴት ቁስለኛ ወንድሟን ይዛ ከደቡብ ሱዳን ተሰዳ ጋምቤላ፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ስትደርስ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። በካምፑ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከወንድሟ ጭን ያወጣነውን የብረት ስባሪ አጥቤ ሳህን ላይ ሳስቀምጠው አነሳችና አገላብጣ አየችው። ፊደል ተቀርጾበታል።

"ሲስተር፣ ይሄ የማን ፊደል ነው?" አለችኝ። አማርኛ የለመደችው በልጅነቷ እዚሁ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ተሰዳ ሳለች ነው። ይሄ ሁለተኛ ስደቷ ነበር።

"የውጭ ነው። የየት አገር እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"እኛ አገር ይሄን የሚሠራ የለም። የላከው ሰው እኛን ያውቃል?"

የደጋ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ ጋምቤላ ላይ ቤት መሥርቻለሁ። ያን ሁሉ ቁስል ሳጥብ መሣሪያውን ማን ሸጠው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ንዴቱ ቤቴ ድረስ አብሮኝ ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ከሴትዮዋ ጋር እንደተቀጣጠርነው ባሮ ድልድይ አፍ ላይ ተገናኘን። የአልጋ አንሶላዬ ላይ በቀይ ቀለም "ለጦርነት መሣሪያ አትሽጡ" ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ። የውጭ እንግዶችን የጫኑ መኪኖች በብዛት የሚያልፉት በዚያ ነው። እሷ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን።

"ሲስተር፣ ልብስ እያሰጣሽ ነው?" ብሎ አንድ ባለባጃጅ ሳቀብኝ።

"ና ያዝልኝ!" አልኩት። አልመጣም።

የመጡት ከአቦቦ በኩል በቆሎ ሊሸጡ የሚመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ጽሑፉን አነበቡና ጆንያቸውን አስቀምጠው አጠገባችን ቆሙ።

"ጋሼ፣ ገበያው እንዳያመልጥዎት" አልኳቸው።

"ይቅር፣ ልጄ። እኔን መኪና ላይ ጭነው እዚህ ያወረዱኝ አንድም ቀን አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሩቅ ተቀምጦ በሰው ኑሮ መወሰን ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግሪኝም።"

በየሳምንቱ ቆምን። ከዚያ አንድ እሑድ አንድ ሹም ከመኪና ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

"ሲስተር፣ አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። የውጭ ጉዳይ የራሱ ባለቤት አለው። አንቺን ምን አገባሽ?"

"ቁስለኛው የሚመጣው እኔ ጋ ነዋ! ባለቤቱ ጋ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።"

ወደ እሷ ዞረ። "ስደተኛ ደግሞ ሰልፍ አይወጣም።"

"ሰልፍ የታለ?" አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። "እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ነው ያለሁት።"

አንሶላውን ከእጃችን ነጥቆ መኪናው ውስጥ ወረወረው። ሌላ ወረዳ ሊያዛውረኝ እንደሚችልም ነገረኝ። ፈራሁ፤ ውሸት አልናገርም። "የትም ብታዛውሩኝ ድልድይ አላጣም" ያልኩት ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

በሳምንቱ ባዶ እጃችንን ቆምን። የሚነበብ ነገር ስለሌለን መኪና ባለፈ ቁጥር ያንኑ ቃል እንጮኽ ጀመር። የእርዳታ ሠራተኞች የጫነ አንድ መኪና ቆመና አንድ ፈረንጅ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። "እኔ የማመጣው ምግብ ነው፣ መሣሪያ አይመለከተኝም" ያለውን ሾፌሩ ተረጎመልን።

"ምግቡን አመሰግናለሁ" አለች ሴትዮዋ። "አገርህ ግን መሣሪያ ትሸጣለች?"

ሾፌሩ ሲተረጉምለት ሰውየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እንግዲያው ስትመለስ ንገራቸው። ጋምቤላ ላይ ሴቶች ተቆጥተዋል በላቸው።"

"እኔንም ጨምር!" አሉ ሽማግሌው።

ይንገራቸው አይንገራቸው አላወቅንም። ቁስለኛ ዛሬም ይመጣል፤ መሣሪያውም አልቆመም። ወንድሟ በክራንች መራመድ ጀምሯል። እኔም እስካሁን አልተዛወርኩም። ባለፈው እሑድ ከባድ ዝናብ ሲጥል ሽማግሌው ከጆንያቸው ላይ ላስቲኩን ገፈው ሦስታችንም ላይ ዘረጉት። እግሬ ረጥቦ፣ ድምፄ ሰልሎ ስጮኽ የሹሙ መኪና መጣ። ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብሎ አለፈን፤ እኛም እሱን ከሌሎቹ ሳንለይ ጮኽንበት።