ለነፍሱ የተሰጠች መኪና

መቱ ብረት የሚኖርበት አገር አይደለም። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ የሚተው አይመስልም፤ ማታ ደጅ የተረሳ መጥረቢያ ጠዋት ሲያነሱት ዝጎ ይገኛል። አባቴ ግን እዚህ አገር መኪና ገዛ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጎሬ ሱቅ የነበረው አንድ ግሪክ ነጋዴ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦለት የሄደው ጥቁር የቤት መኪና ነው። ዝቅ ያለች ናት፤ በሯ ሲከፈት ወለሏ ከሰው ጉልበት በታች ነው። ቡና አትጭን፣ ጭቃ አትደፍር፣ ለምን እንደገዛት የገባው ሰው አልነበረም። እሱ ግን በበጋ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቴን አሳፍሮ ጎሬ ድረስ ወስዶ ይመልሳታል። እናቴ ያንን ጊዜ ስታነሳ፣ «ቤቴ እንደተቀመጥኩ ነው አገር ያየሁት» ትላለች።

የሞተው ግን በበቅሎ ሄዶ ነው። ያን ዓመት ክረምቱ ድልድይ ስላፈረሰ መኪናዋን ጓሮ አቁሞ ለንግድ ወደ ጋምቤላ ወረደ። ሲመለስ የቆላው ወባ ቡሬ ላይ ጣለው፤ በኅዳር እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። መርዶው መቱ ሲደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። እናቴን የበላት ይኸው ነው። ሞት ለማንም አይቀርም ትል ነበር፤ አፈሩን ሳታይ መቅረቷን ግን ለማንም ይቅር አላለችም፣ ለእግዜርም ጭምር።

በመጀመሪያው ዓመት ጥቁር ለብሳ ቤት ዘግታ ተቀመጠች። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ተያዘ። በበቅሎ ሞክራ ከግቢያችን በር ሳትርቅ ወደቀች። የጭነት መኪና ላይ ሊያወጧት ሰዎች ከበታች ቢደግፏት፣ ከሕመሙ ይልቅ ውርደቱ አስለቀሳት። «እንደ ጆንያ ተጭኜ ባሌ ዘንድ አልሄድም» አለች። በቃሬዛ እንውሰድዎት ሲሏት ደግሞ፣ «በቃሬዛ የሚሄድ ሬሳ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ ትወስዱኛላችሁ» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

እኔ ጅማ ሳስተምር ከርሜ ወደ መቱ የተዛወርኩት የሰባት ዓመቱ ተዝካር ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ገና ዕቃዬን ሳልፈታ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«መኪናዋን አስነሣልኝ። ለሰባት ዓመቱ በሷ ቡሬ ውሰደኝ። ከሷ ሌላ እግሬ የሚወጣበት ነገር የለም።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከአባቴ ሞት ወዲህ እናቴ አንድ ነገር ስጠኝ ብላ ስትለምን የመጀመሪያዋ ነበር። መኪናዋን በየዕረፍቱ ስመጣ ጣሪያዋን ከሣሩ በላይ አየዋለሁ እንጂ ቀርቤ ነክቻት አላውቅም፤ እሱ የያዘውን የበር እጀታ መያዝ አስፈርቶኝ ነው የኖርኩት። በማግስቱ ማጭድ ይዤ ጓሮ ገባሁ።

ሣሩን አጭጄ ስጨርስ ጎማ የለም። አራቱም የሉም። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በሩን ስከፍት ወንበር የለም፣ የፊቱም የኋላውም። ከላይ ትለብሰው የነበረው ሸራ የለም። የሌባ ሥራ መስሎኝ ጎረቤት እስኪሰማ ተራገምኩ፤ በድሃ አገር የሞተ ሰው ንብረት እንኳ አይከበርም አልኩ፤ መቱንም ሕዝቧንም ሰደብኩ። እናቴ የጓሮውን በር ተደግፋ ስትሰማኝ ቆይታ ሳቀች።

«ማን ይሰርቀኛል? እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አልጋውና ልብሱ፣ ጫማውም ሳይቀር ለነፍሱ ይሰጣል። የአባቴ ልብስ በአርባው ተሰጥቶ አልቋል። እናቴ ግን ያ አልበቃትም። በሰው አገር ያለ እሷ የተቀበረ ሰው፣ እንደ ሌላው ሰው በአንድ ጋቢና በአንድ ጥንድ ጫማ ይሸኛል? ወደ ጓሮ ወጥታ መኪናዋን ስታያት ሁሉም ነገር እዚያ ተቀምጦላታል። መንገድ ሲበላሽ አባቴ ወንበሩ ላይ ይተኛ ስለነበር፣ ወንበሩ አልጋው ነው፤ ለንስሐ አባቱ ሄደ። ሸራው ጋቢው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚቀመጡት ዓይነ ስውር ተሰጠ።

«ጎማውስ?» አልኳት።

«ጫማው ነዋ!» አለች፣ ይህም ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየችኝ።

በሙት ዓመቱ ጎማዎቹን በረባሶ አሠርታ ባዶ እግራቸውን ለሚሄዱ ድሆች አደለች። ጎማው የሚታሰርባቸው ቸርኬዎች ደወል ለሌላቸው የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ደረሱ፤ ብረት ስለሆኑ በድንጋይ ሲመቷቸው ይጮኻሉ።

«መኪናውን ግን አልነካሁም» አለች በኩራት። «ይኸው እንዳለ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት፣ ነፍሱንም አልብሻለሁ፣ መኪናዋም ትጠብቀኛለች ብላ ነው የኖረችው። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳትም። «ጎማ ይገዛል» አልኩና እጄን ታጠብኩ።

የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ እስላም ናቸው፣ አንድ የጭነት መኪና አላቸው፣ ሞተር መፍታትም ይወዳሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው መሳቅ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። «ያ ኢልማኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ ነው፣ «ሞተሩ ከተነሣ ለጎማው አላህ ያውቃል። አባትህ ለኔ እንዲህ አያደርግም ነበር? ያደርጋል።» ከዚያ በኋላ ሱቃቸውን ሲዘጉ እየመጡ ከኔ ጋር ጓሮ ያመሻሉ። ሞተሩ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች፤ ጠረግን። የተጣበቀው ነገር እንዲላቀቅ ዘይት አፍስሰን ትተነው ሄድን፣ ተመልሰን ሞከርን፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ደግሞ አፈሰስን። ባትሪ ስለሌለ ከፊት በእጅ በሚዞረው ብረት ነው የምናስነሣው፤ ብረቱ ተመልሶ የእጄን አንጓ መትቶኝ ለብዙ ቀን ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ጥቅምት ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። እናቴ ከቤት ውስጥ እልል አለች። ያን ዕልልታ እስከ ዛሬ ባልሰማሁት እላለሁ።

ጎማ የለማ። የነጋዴው ሾፌር ጅማም አዲስ አበባም ጠይቆ ይዞልን የመጣው አንድ መልስ ነው፤ የዚህች ዓይነት መኪና ጎማ ወደ አገር መግባት ካቆመ ቆይቷል። የጭነቱ ጎማ ደግሞ ከሷ ጋር ሲታይ የሚያስቅ ነው። ሌላ ቸርኬ ፈልገን አንዱን ከአንዱ እናጋጥም ብንልም የሚገጥም አልተገኘም። ቢያንስ የራሷን ቸርኬ ላስመልስ ብዬ እሁድ ወደ ሶር ወንዝ በኩል ወረድኩ። አንዱ ቸርኬ እዚያ ካለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዋርካ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። አንድ ሽማግሌ በድንጋይ ሲመቱት ከየቡናው ውስጥ ሰው ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። አስቀድሼ፣ ቸርኬውን ሳልጠይቅ፣ ተመልሼ መጣሁ።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ የንስሐ አባቱ ወንበሩን በሁለት ሰው አሸክመው ደጃችን ድረስ አመጡት። ሽማግሌ ናቸው፣ አልጋቸውን ትተው ነው የመጡት።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሏት እናቴን። «እኔ መደብ ላይ እተኛለሁ።»

እናቴ ከተቀመጠችበት በግድ ተነሣች።

«አባቴ፣ ምን እያሉኝ ነው? እሱ እዚያ መሬት ላይ ይተኛ? አልጋውን ልነጥቀው? አይደረግም!»

«መንገዱ ለሱ አይደል?»

«ለኔ ነው እንጂ ለሱ አይደለም። ለኔ ብዬ ከሱ አልወስድም።»

ወንበሩ በመጣበት ትከሻ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ጎማ ከአዲስ አበባ ቢመጣ እንኳ፣ እናቴ ራሷ የቡሬን መንገድ በእጇ በትናዋለች፤ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ለድሃ ሰጥታዋለች፤ ልትመልሰውም አትፈልግም።

በዚያ ሰሞን ገበያ ስወጣ የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ የማየው እግር ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ ገበሬ አስቁሞ ሰላም አለኝ። እናትህ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ከዚያ እግሩን አነሣ አድርጎ በረባሶውን አሳየኝ። «የሳቸው ናት። እስከ ዛሬ አላለቀችም! ከቡሬ እየመጣሁ ነው፣ ማሎ» አለኝ፣ እባክህ ሲል ነው፣ «ሰላም በልልኝ።» ሰውየው ምንም አላጠፋም። እኔ ግን እግሩን ረግጬ በረባሶውን ላወልቅበት ምንም አልቀረኝም። የአባቴ ጎማ በሰው እግር ቡሬ እየሄደ ይመለሳል፤ እናቴ ከጓሮዋ አልወጣችም።

ኅዳር ደረሰ። ተዝካሩን መቱ አበላን። እንግዳው ሲሸኝ እናቴ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ለበሰችና ወደ ጓሮ ውሰደኝ አለችኝ። ነጋዴውም አልሄዱም ነበር።

«አስነሡልኝ» አለች።

እኔና እሳቸው ተያየን። ነጋዴው ሄደው ብረቱን ይዘው ከፊት ቆሙ። በሯን ከፍቼ ከውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ በርጩማ አስቀመጥኩላት፤ እናቴ ያን የታመመ እግሯን ያለ ማንም እርዳታ አንሥታ ገባች፣ በእርግጥም ልኳ ነበር። እኔ የቡና ጆንያ አጥፌ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሣ። ድንጋዮቹ ላይ እየተንቀጠቀጥን ቆምን። ከፊታችን የጎረቤት አጥር ነው፣ አጥሩ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል።

«ጎሬን ስናልፍ ንገረኝ» አለችኝ።

ዓይኗ ደህና ነው፤ አጥሩንም ልብሱንም ታያለች። ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ነጋዴው ብረቱን እንደያዙ ፊታቸውን አዙረዋል።

«አለፍን?» አለች ቆየት ብላ።

«አለፍን እማዬ።»

«ድልድዩስ? ተሠርቷል?»

«ተሠርቷል።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። በለሆሳስ ትጸልያለች መሰለኝ፣ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አልሰማኋትም። እያለቀስኩ መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞርኩ። ካንድ ጆግ የማይበልጥ ቤንዚን ነበረን፤ ሲያልቅ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

እናቴ በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት በሩን ይዛ፣ በወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ከድንጋዩ ሥር አፈር ዘገነች። ጥቁርና እርጥብ አፈር ነው። መዳፏ ላይ ዘርግታ አየችው፣ በጣቷ አሸችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ የመቱ አፈር ነው» አለች።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤት አስገባኝ አለችኝ፤ አስገባኋት። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ የቡሬን ስም አላነሣችም።