ፈርታለች የተባለችው ምስክር

ጎረቤቴ በድንበር ጠብ የሌላውን ጎረቤቴን ክንድ በገጀራ ሲመታ ያየሁት እኔ ነኝ። እንሰቴ መሃል ቆሜ ነበር። ያየሁትን ለፖሊስ ነግሬ ፈርሜያለሁ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ በጣት አልፈርምም።

መቺው ታሰረ። ቡናው ቀልቶ ነበር። ሚስቱ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ስለሆነ ለቀማውን ብቻዋን አትችለውም። በዋስ ካልወጣ የዓመት ቡናቸው ረግፎ መሬት ላይ ሊቀር ነው።

የዋስትናው ጥያቄ በሚሰማበት ዕለት ከምንኖርበት ከወርቃ ወደ ዲላ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የጠራኝ የለም፤ የጀመርኩትን ነገር ተቀምጬ በወሬ መስማት አልወድም። ችሎት ውስጥ ከተመቺው አጠገብ ተቀመጥኩ። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

የተከሳሹ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። ቋሚ መኖሪያ እንዳለው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ እንደማያውቅ፣ ዋስ የሚሆነውም ሰው መቅረቡን አስረዳች። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ተከሳሹ ከተለቀቀ ዋናዋን ምስክር ያስፈራራል አለ፤ አቅመ ደካማ አሮጊት ናት፣ የምትኖረው አጥሩ ሥር ነው፣ ከአሁኑ ፈርታለች።

ፈርተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተነሳሁ። ፖሊሱ በእጁ ተቀመጪ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ዳኛው ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ሳይፈቀድልዎ አይናገሩም» አሉ።

«እንግዲያው ይፈቀድልኝ። በእኔ ፍርሃት ታስሮ ሊቀር ነው፤ እኔ ደግሞ አልፈራሁም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው ተከሳሹ ዝቶብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልዛተም አልኩ። ቤተሰቡስ? እዚህ ላይ ጠበቃዋ አየችኝ። አማቱ ቤቴ መጥቶ ቃሌን እንዳለዝብ ለምኖኝ ነበር። ይህንንም ተናገርኩ። እንዳልተቀበልኩትም ጨመርኩ። ተከሳሹ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው ጥቂት ጻፉና ቀና አሉ። «ተለቆ አጠገብዎ ቢኖር ያዩትን ይመሰክራሉ?»

«እፊቴ ቆሞም እመሰክርበታለሁ።»

ዋስትናው ተፈቀደ። ደጄ እንዳይደርስ፣ ሰውም እንዳይልክብኝ ታዘዘ።

ግቢው ውስጥ ተመቺው ጠበቀኝ። «እማማ፣ የእኔ ክንድ ተረሳሽ?» አለኝ። አልረሳሁም አልኩት፤ ለክንዱ የምናገርበት ቀን ሌላ ነው። ወደ ወርቃ የተመለስነው በአንድ ሚኒባስ ነው፤ እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ።

በማግስቱ መቺው ቅርጫቱን ይዞ ለቀማ ገባ። በአጥር ተያየን፤ ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። በቀጠሮው ቀን ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ተፈረደበት። ወደ ወህኒ ሲወስዱት ቡናው ተለቅሞ አልቆ፣ ዛፎቹ ላይ አንድ ቀይ ፍሬ አልቀረም ነበር።