ሁለቴ እምቢ ያልኩበት ደጅ

ከከሚሴ የወጣሁት ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ረዳቱ «አዲስ አበባ፣ የሞላ!» እያለ ይጮሃል፣ ጎረቤቶቼ በሚኒባሱ መስኮት እጃቸውን ሰደው ዱዓ ያደርጉልኛል፣ ባለቤቴ ሰይድ ደግሞ የታሰረውን ሻንጣዬን ፈትቶ እንደገና ያስራል። ጥርሴን ልታከም አንዴ ደሴ ከመሄዴ በቀር ከሰንበቴ ገበያ አልፌ የማላውቅ ሴት ነኝ። ለምን እንደምሄድ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የበኩር ልጄ አንዋር ከሁለት ዓመት በፊት የተሰደደበት አገር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞተ። ጤነኛ ሆኖ ገብቶ በማግስቱ ሬሳው ወጣ። እዚያው ቀበሩት። የደረሰን ወረቀት «ልቡ ቆመ» ይላል።

«ልቡ የማይቆም ማን አለ?» አለ ሰይድ ወረቀቱን ሲያነቡለት። «ያቆመው ምንድን ነው? እሱን ይንገሩን እንጂ!»

ወረቀቱ ከታች ሌላ ነገር ነበረበት። ወላጅ ከጠየቀ «ሂሪንግ» የሚሉት ችሎት ይቀመጣል፤ በዚያ ዕለት ተረኛ የነበሩት ፖሊሶች በሰው ፊት አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። እኔም ይህን ጠይቄ ልሰማ ተነሳሁ። አጎቴ ሸህ ኡመር መርቀው ሲሸኙኝ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አብሽሪ» አሉኝ። «ብቻ የልጅሽን ክብር እንዳታረክሺ።» ይህችን ቃል በልቤ ቋጥሬ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

የገባሁባትን ከተማ ስም አልጽፍም፤ ጉዳዬ ገና በእጃቸው ነው። ያረፍኩት የእህቴ ልጅ ሐያት ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአገሬ ሰው ጨፋ ሜዳ ላይ በሙቀት ሲነፍር እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ። ወተታቸው ነጭ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም፤ የአፋሮቹን የግመል ወተት የቀመሰ ሰው ይህን ወተት ብሎ አይጠራም። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የልጆቹን ደህንነት ልጠይቅ እቆማለሁ፣ እሱ ጫማውን እያየ ያልፋል።

ለሐያት ቤቱን ያከራያት ሰውዬ በሳምንቱ መጣና፣ «እኚህ እንግዳ እስከ መቼ ነው የሚቆዩት?» አላት።

«ፖሊስ እውነቱን እስኪነግራቸው» አለችው ሐያት።

ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያስ ውሉ ላይ እናስገባቸው» አለ።

አንድ ረፋድ ደጁ ተንኳኳ። ፎልደር የያዘች ሴት ፖሊስና አንድ ሽበታም ሰው ቆመዋል። «በልጅዎ ሞት አዝነናል፤ ስለ ጉዳዩ ልናነጋግርዎት ነው» አሉ፤ ሐያት ተረጎመችልኝ። ያረቢ! ሽማግሌ ላኩ አልኩ በልቤ። በእኛ ዘንድ ደም የፈሰሰ እንደሆነ፣ የአፍሳሹ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን አይገቡም፣ በሁለተኛውም አይገቡም፤ የሚገቡት በሦስተኛው ነው። ቶሎ እሺ ያለ ወላጅ ልጁን አርክሷል ይባላል። ስለዚህ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ «አላነጋግርም!» አልኩና በሩን ዘጋሁት። ልቤ ግን በደስታ ይመታ ነበር።

በሳምንቱ ተመለሱ። ደግሜ እምቢ አልኩ። ለሦስተኛው ቀን ሐያትን ምንጣፍ አስጠርጌ፣ ቴምር አስገዝቼ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የመጣው ደብዳቤ ነው። ሐያት አንብባው ፊቷ ጠቆረ።

«አክስቴ፣ ‹ቤተሰቡ ምርመራውን አልፈለገም፤ ስለዚህ ፋይሉ ሊዘጋ ነው› ይላል።»

ወላሂ፣ መርዶውን የሰማሁ ቀን እንኳ እንዲያ አልጮህኩም። በገዛ አፌ የልጄን ደም ልዘጋው ነበር።

በማግስቱ ሐያትን አስከትዬ ጣቢያው ሄድኩ። ፎልደር የያዘችውን ሴት አስጠራሁ።

«እርስዎ እኮ አላነጋግርም ብለዋል» አለችኝ።

«አዎ፣ ሁለቴ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሦስተኛውን ምነው ቀራችሁ? ቴምሩ እኮ ደረቀብኝ!»

ሐያት ይህን ስትተረጉም ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለባት። እኔም የአገሬን ደንብ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቅጹ ላይ ያሉት ‹አዎ› እና ‹አይደለም› ብቻ ናቸው» አለች።

«እንግዲያው የእኔን ከጎን ጻፊው። እናቱ እምቢ ያለችው ልጇ ትልቅ ሰው ስለነበረ ነው በይ። አሁን ግን ትጠይቃለች።»

ሴትዮዋ ወንበሯን አቀረበችና ጻፈች። ሐያት እያንዳንዱን መስመር አነበበችልኝ፤ ፈረምኩ። ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ ተነስታ በሩን ከፈተችልን። የሥራ ባልደረቦቿን የሚያስጠይቅ ወረቀት ነው የጻፈችው፣ አንድ ቃል ግን አላስቀረችም። ወደድኳት፤ ምን ልደብቃችሁ።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰን። ፋይሉ ተከፍቷል። ችሎቱ ከረመዳን በኋላ ይቀመጣል፣ ተረኛ የነበሩት ሦስቱም ፖሊሶች ይቀርባሉ፣ አባትየውም ካለበት በስልክ እንዲከታተል ተፈቅዷል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ በልቼ ጠገብኩ።

ወዲያው ሰይድ ዘንድ ደወልኩ። ከበስተጀርባው ባጃጅ ይንጫጫል፣ አንድ ሰው «አካም ጅርታ!» እያለ በኦሮምኛ ሰላም ብሎት ያልፋል፣ አገሬ በጆሮዬ ገባ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሊናገሩ ነው?» አለኝ።

«ሊናገሩ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ሸህ ኡመርንም፣ ጎረቤቱንም እጠራለሁ። ስልኩን መሃል አስቀምጠን እንሰማለን።» ድምፁ ተሰበረ። «አንቺስ? መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

አገሬ እስክገባ ዓይኔ ሊወጣ ነው፤ ግን ዋሽቼው አላውቅም። «ከሰማሁ በኋላ» አልኩት።

«አይደለም» አለኝ። «ከሰማን በኋላ በይ።»