የወንድሜ ራፕ፣ የእኔ ቼዝ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለምረቃዋ ጥፍሯን ላሠራት ብዬ ባምቢስ አካባቢ አንድ የውበት ሳሎን ይዣት ገባሁና፣ ሠራተኛዋ የቀዩን ጥፍር ቀለም ክዳን ስትከፍተው ያ አፍንጫ የሚሰረስር፣ አናት ላይ የሚወጣ ሽታ መጥቶ ፊቴ ላይ ተደፋ። ሌላ ሴት ብትሆን ሠርጓን ወይ የመጀመሪያ ፍቅረኛዋን ታስታውስ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የታየኝ አንድ የቼዝ ፈረስ ነው። ከመጥረጊያ እንጨት የተቆረጠ፣ ጆሮም አንገትም የሌለው፣ ፈረስነቱን በእምነት ብቻ የምንቀበለው፣ በአክስቴ ጥፍር ቀለም ተነክሮ የቀላ ፈረስ።

ከሳሎኑ ወጥተን በካዛንቺስ በኩል ስናልፍ ያደግኩበትን ግቢ ቦታ ለልጄ ላሳያት ብዬ ጣቴን ወደ ታክሲው መስኮት ዘረጋሁ፤ ግን ወዴት እንደምጠቁም ጠፋኝ። ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ በመስመር የተተከለ ሣር፣ እንደ ሙሽራ የተኳሉ የመብራት እንጨቶች አሉ፤ እኛ የነበርንበት ግን የለም። ልጄ «የቱ ጋ ነው እማ?» ስትለኝ «አልፈነዋል» አልኳት።

ግቢያችን በጣሊያን ጊዜ የተሠራ አንድ ግንብ ቤት፣ በጎኑ የተለጣጠፉ ሦስት የጭቃ ቤቶች፣ አንድ የጋራ ቧንቧና አንድ የኮክ ዛፍ ነበሩት። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ይውላል፤ እናቴ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው ኦዴሳ ተልከው የመንገድ ምህንድስና የተማሩ፣ ሲመለሱም አንድ የሩስያ መዝገበ ቃላት፣ ሐምሌ ሲገባ ብቻ የሚያጠልቋት የጸጉር ቆብና አንድ የእንጨት ቼዝ ይዘው የመጡ፣ ሚስት ሳያገቡ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከቼዙ አራት ጠጠሮች ጎድለዋል፤ አንደኛውን ፈረስ የጎረቤት ውሻ በልቶታል እየተባለ ይታማ ነበር፣ ውሻው ግን እስኪሞት ድረስ አላመነም። የጎደሉትን እኔና ወንድሜ ናትናኤል ከመጥረጊያ እንጨት ቆርጠን ቀለም ቀባንላቸው፤ እሳቸውም ውለታችንን ለመክፈል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከኮክ ዛፉ ሥር ጠረጴዛ አውጥተው ያስተምሩን ጀመር። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ናቲ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል።

ቼዙን ቶሎ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ መኮንን ዝምታ ይወዱ ነበር፤ እኔም ዝምተኛ ልጅ ስለነበርኩ ተስማማን። ናቲ ግን ሌላ በሽታ ይዞታል። ከሙዚቃ ቤት እያስቀዳ በሚያመጣቸው ካሴቶች፣ አንደኛው ጆሮ ብቻ በሚሠራ ማዳመጫ የፈረንጅ ራፕ ሲሰማ ይውላል፤ የአጎቴን ሱሪ ለብሶ በገመድ ያስረዋል፤ አካሄዱን ቀይሮ አንድ እግሩን ጎተት ማድረግ ሲጀምር እናቴ እግሩን የታመመ መስሏት ጠበል ልትወስደው ተነሥታ ነበር። መጀመሪያ የማይገባውን እንግሊዝኛ በቃሉ ያንበለብል ነበር፤ ከዚያ በአማርኛ መግጠም ጀመረና ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ገዝቶ ፍራሹ ሥር ደበቀው። የደበቀበትን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከእሱ ጋር ስንጫወት እየረታሁት ሄድኩ። ናቲ ሲሸነፍ ዝም ማለት አይችልም፤ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ በእኔ ፈረስ ላይ ራፕ ያደርግ ጀመር። ቧንቧ ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ጋሽ መኮንን ተነሥተው ሲያባርሩት ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ «ቼዝ በአፍ አይጫወቱትም» ይሉ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ቀጥል» አሉት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሳላስበው ነው...»

«ቀጥል አልኩህ እኮ! አያቴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዲህ ነበሩ።»

ያን ቀን ነው ጋሽ መኮንን ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሲያወሩ የሰማኋቸው። ቼዝን ከሩስያ ያመጡት ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ መጀመሪያ ያዩት ገጠር፣ በአያታቸው ግቢ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ ነው። ሰንጠረዥ የሚባለው የአገራችን የድሮ ቼዝ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም አሉን፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል፣ እጅ በእጅ እየተጋጩ ያንቀሳቅሳሉ፤ ያ ወረራ ይባል ነበር። ተጫዋቾቹ እየፎከሩ፣ እየተሰዳደቡ፣ ደግሞ ጥሩ እርምጃ ሲያዩ ባላንጣቸውን በግጥም እያወደሱ፣ ከዳር የቆመው ሁሉ አብሮ እየጮኸ። ዝምታውን የተማሩት ኦዴሳ ሄደው ነው። ናቲ ዓይኑ ፈጥጦ ሲያዳምጥ ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በቃ ባትል ነው!» አለ። ጋሽ መኮንን ባትል ምን እንደሆነ አስረዳኝ አሉት፤ ሁለት ራፐሮች ሰው ፊት በግጥም የሚሸናነፉበት ነው ብሎ አስረዳቸው፤ አንድ ካሴትም አሰማቸው። ግማሹን ሰምተው «ሰውየው ተቆጥቷል፣ ግን ቤት ይመታል» ብለው ፈረዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሌላ ቅዳሜ ሆነ። ናቲ ራፕ ሲያደርግ ጋሽ መኮንን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት እንደነበሩ ሰው በጣታቸው እየቆጠሩ «ሰሙን ሰምቻለሁ፣ ወርቁ የት አለ?» ይሉታል፤ ናቲ እየተናደደ ገብቶ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ተመልሶ ይመጣል። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ይንጠለጠላሉ። እኔም እጫወታለሁ፣ አሸንፋለሁ፤ ግን ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ወደ ቦርዱ ሳይሆን ወደ ናቲ ማዘንበላቸውን አየሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ማንም አያየውም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የወጣቶች ዝግጅት ነበርና ጋሽ መኮንን ሐሳብ አቀረቡ፤ እኔ ከአንድ የሌላ ሰፈር ልጅ ጋር መድረክ ላይ ቼዝ እጫወታለሁ፣ ናቲ ደግሞ ከኋላችን ቆሞ ጨዋታውን እርምጃ በእርምጃ በራፕ ያወራዋል። ማይክራፎኑ ያፏጫል፣ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ወጥቷል። እኔ በሕይወቴ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ምርጡን ጨዋታ ተጫወትኩ፤ ንግሥቴን ሰጥቼ ንጉሡን በሁለት ፈረስ መውጫ አሳጥቼ ሜት አደረግኩት። ሰው ግን የሚያጨበጭበው ለናቲ ነበር፤ ሳነሣም ለናቲ፣ ሳስቀምጥም ለናቲ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመውት ወጡ። ጋሽ መኮንን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሲከተሉት አየሁ፤ እኔ ጠጠሮቹን ለቅሜ ወደ ሳጥኑ መለስኩ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ የትምህርት ቤት ካርዳችንን ይዞ ተቀመጠ። የናቲ ውጤት ወድቋል። አባቴ የሚማታ ሰው አልነበረም፤ «ምንድነው የሚያንስህ?» ብቻ ነው ያለው፣ በደከመ ድምፅ። ናቲ አጎነበሰ። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ፣

«ግጥም ሲጽፍ ነው የሚውለው። ፍራሹ ሥር ደብተር አለው» አልኩ።

ቀድሜ አንብቤዋለሁ። ውስጡ ስለ አባታችን የተጻፈ እንዳለም አውቃለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የሌላ ሰው ፋይል ተሸክሞ ስለሚውል፣ አለቃ ባለፈ ቁጥር ብድግ ስለሚል፣ የኮቱ ክርን ስለተጣፈ ሰው ነው። ገጹ ሲገለበጥ ግን ግጥሙ ይዞራል፤ ያ ሰው ቤቱ ሲገባ ንጉሥ እንደሆነ፣ ልጁም ከእሱ ሌላ አባት እንደማይመኝ ይናገራል። አባቴ ደብተሩን አስመጥቶ ቆሞ አነበበ። ገጹን አልገለበጠውም። እኔ «ግለጠው አባባ» ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። አባቴ ወደ ጓዳ ገባና ደብተሩን የከሰል ምድጃው ላይ አኖረው። እናቴ ልታወጣው እጇን ስትዘረጋ እሳቱ ቀድሟት ነበር።

ናቲ አላለቀሰም። ደጅ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ስወጣ ዘወር ብሎ አየኝና ተመልሶ መንገዱን ማየት ቀጠለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኮክ ዛፉ ሥር አልመጣም። ጋሽ መኮንን «ወንድምሽስ?» ሲሉኝ «ጥናት ላይ ነው» አልኳቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ መጠየቅ ተዉ። ያኔ ዝምታው ተመለሰልኝ፤ የተመኘሁትን አገኘሁ፤ እኔና እሳቸው ብቻ፣ ማንም አጥር ላይ ሳይንጠለጠል፣ ሁለት ዓመት ያህል በዝምታ ተጫወትን። አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀረው ቶሎ የሚነገር ነው። ናቲ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ መንጃ ፈቃድ አወጣና ደምበል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነ። ሰዓት የሚያከብር፣ ጨዋ፣ ከ«እሺ»ና ከ«ደርሰናል» በላይ የማይናገር ሾፌር። አባቴ አልጋ ይዞ በነበረበት ወቅት አንድ ቀን እጄን ያዘና «ያ ልጅ የሚያነበንበው ነገር ቀረ አይደል?» አለኝ። «ቀረ አባባ» አልኩት። «ደስ ይል ነበር እኮ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ጋሽ መኮንን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቼዙ በዕቃ ጭነት ጊዜ ጠፍቷል። ደረጃው ስለሚከብዳቸው አይወርዱም፤ ሰው ስለማያውቁ ማንም አይወጣም። የናቲን ስም ጠሩና «አሁንም ይገጥማል?» አሉኝ፤ «አዎ» ብዬ ዋሸኋቸው። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው፤ ዕድሩ ከሰፈሩ ጋር ተበትኖ ስለነበር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ለልጄ ምረቃ ልጠራው ናቲ ቤት ሄድኩ። ጸጉሩ ሸብቷል። ልጄ «አጎቴ፣ ራፐር ነበርክ አሉ?» ስትለው ስቆ «እናትሽ ቀልደኛ ናት» አላት። ከልጆቹ ጋር ልትጫወት ስትገባ ብቻችንን ቀረን።

«ናቲ» አልኩት፣ «ያኔ ለአባባ የተናገርኩት ስለ ካርዱ አዝኜ አልነበረም። ቀንቼብህ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልተናገርከኝም?»

«ምን ልበልሽ? ልጅ ነበርሽ።» ከዚያ «እኔም ልጅ ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ዘመን አንድ ስንኝ፣ አንዲት ብቻ እንዲለኝ ለመንኩት። እምቢ አላለም። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ምት መምታት ጀመረ፣ ከንፈሩ ተከፈተ። ምቱ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሄደ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«የለም ሰብልዬ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ መሰለሽ። የለም በቃ። የአዳራሹንም ቢሆን፣ ሁሉም ስላንቺ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቺን ነበር የማወድሰው።»

ይህን አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ጨዋታ ከመጀመሪያው ወታደር እስከ መጨረሻው ሜት ዛሬም አንድ እርምጃ ሳላጎድል መደርደር እችላለሁ። ወንድሜ ግን ከኋላዬ ቆሞ ስሜን እየጠራ ያለውን አንድም ቃል አላስታውስም፤ አልሰማሁትማ፤ ሰው ስንት ጊዜ እንዳጨበጨበለት እየቆጠርኩ ነበር።