የኔታና ቄሰ ገበዙ ወረቀት መመርመር ያስተማሩን ጊዜ

የኔታ ክፉኛ የገረፉኝ ያነበብኩትን ስላመንኩ ነው። ሌላው ተማሪ ማንበብ ሲያቅተው ይገረፋል፤ እኔ አንብቤ፣ ያውም ሳልሳሳት አንብቤ ተገረፍኩ። በቀደም የልጅ ልጄ ከኮሌጅ መጥታ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊና መምህራችን አንድ ላይ ክፍል እየገቡ የተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚመዘን ያስተምሩናል ብትለኝ፣ ይገርፏችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። እኛ ይህንኑ ትምህርት የተማርነው በአለንጋ ነው፤ በጣልያን ጊዜ፣ ከአንኮበር በታች፣ ዋሻ ውስጥ። እኔ ከዳዊት አላለፍኩም፤ ስጽፍም እጄ ይከብደኛል። ቢሆንም ይህን ነገር ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግም፤ ያሳምረዋል።

የደብራችን መምህር የኔታና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ከጣልያን በፊት አይነጋገሩም ነበር። ጠባቸው በመጻሕፍት ነው። የኔታ መጽሐፍ የሚነበብ ነው ባይ ናቸው፤ ቄሰ ገበዙ የሚጠበቅ ነው ባይ። የተማሪ እጅ ቅባት ነው እያሉ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ካንገታቸው አያወርዱም። የኔታም በዚያ ባለፉ ቁጥር፣ እኒህ ሰው መጻሕፍቱን ከአይጥ ጋር ሆነው ብቻቸውን ነው የሚያነቧቸው ይላሉ፤ ቄሰ ገበዙ እየሰሙ።

ያስታረቃቸው ጣልያን ነው። ከእኛ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ባንዶች መርተውት መጣና አቃጠለው፤ ካህናቱን ከደጀ ሰላሙ ፊት አሰልፎ ረሸናቸው። ሬሳ ልናነሣ ስንሄድ ሣር ክዳኑ ገና ይጨስ ነበር። አንዱ ዲያቆን ወንጌል ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ነው የሞተው፤ ጥይቱ በብራናው አልፎ ገብቶበታል። ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ከእቅፉ አላቀው ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ከዚያ ተነሥተው ወደ የኔታ ሄዱና መጻሕፍቱን ወደ ገደሉ ዋሻ የሚሸከም ሰው ለመኑ። የኔታም ተማሪዎቼ ይሸከማሉ፣ የተሸከሙትን ግን ያነባሉ አሉ። በዚሁ ተስማሙ።

ዋሻው ውስጥ ትምህርታችን ሌላ ሆነ። ጧት የኔታ ያስነብቡናል። ከዚያ ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከእጃችን ተቀብለው ጥያቄ ይጀምራሉ። ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? እንዲታመንለት የፈለገው ምን ሊያገኝ ነው? እኛ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ዜማውን እንጂ እንዲህ ያለውን ነገር የጠየቀን ሰው አልነበረም። አንድ ቀን በአንድ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ነገር አስነበቡኝ፤ ይህ መሬት ለእገሌ ተሰጠ የሚል። እውነት ነው ወይ ሲሉኝ፣ ወንጌል ላይ የተጻፈ እንዴት ሐሰት ይሆናል አልኩ። ያኔ ነው የኔታ አለንጋቸውን ያነሡት። ጀርባዬ እስኪተለተል ገረፉኝ። ሲያበቁ ቄሰ ገበዙ ጣቴን ይዘው በብራናው ላይ አስኬዱት። ስሙ ካለበት ሲደርስ ይሻክራል። አንዱ የፊተኛውን ሰው ስም በካራ ፍቆ የራሱን ጽፎበታል። ወደ ዋሻው አፍ ወስደው ለብርሃን ሲያነሡት የተፋቀው ስም እንደ ጥላ ታየኝ። የፊተኛው ባለ መሬት በዚህ ምክንያት ከነልጆቹ ተነቅሎ በረሃ ወርዶ እንደሞተ ነገሩን።

ወረቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አውሮፕላን በጣርማ በር በኩል ብቅ ይላል፤ ሰው ቦምብ ነው ብሎ ገደል ለገደል ሲተራመስ ወረቀት ይበትንና ይሄዳል። አማርኛ ነው። ከራሱ ላይ መስቀል አለበት፤ የመጀመሪያው መሥመር በቀይ ቀለም ነው። በእኛ አገር ከራሱ ላይ መስቀል ያለበት፣ በቀይ የሚጀምር ጽሑፍ መሬት ላይ ወድቆ አይታለፍም። አንሥተው ይሳለሙታል። አንዴ የተሳለሙትን ነገር ደግሞ መልሶ ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። ይህን ለጣልያን የነገረው የኛው ሰው መሆን አለበት። ቃሉም፣ ጠብመንጃውን ይዞ ደብረ ብርሃን የገባ አርበኛ ምሕረት ያገኛል፣ ርስቱም ይመለስለታል፤ ያልገባ ግን ቤቱ ይቃጠላል ይል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከጥቂት ሰዎች ጋር ገደሉ ውስጥ ሆኖ ይዋጋ ነበር። ሚስቱ ከእናትና አባታችን ቤት ወልዳለች፤ ልጁን ገና አላየውም። ከሰዎቹ ጋር ወደ ዋሻው መጣና ያን ወረቀት ከደረቱ አውጥቶ፣ ተሳልሞ፣ ሰጠኝ። ማንበብ አያውቅም። አነበብኩለት።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«የሚለውን አነበብኩልህ ጋሼ። እውነት መሆኑን አላውቅም።»

«አታውቅም? ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ውሻ እያባረረህ ቆሎ የለመንከው ምን ልትማር ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። የሚስቱ ወንድም አብሯቸው ነበርና እሱ ደግሞ፣ ይህ እኮ እንዳይዋጋ ነው ተማሪ የሆነው አለ። የኔታ ሳቃቸውን አስጨርሰው፣ ልጆቼ ሄደው ያየ ሰው እስኪጠይቁ ታገሠን አሉት። ወንድሜ እስከ ሚካኤል እታገሣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እገባለሁ አለ። በረሃብ ጉንጩ ተጣብቋል። እንደሚያደርገው አወቅሁ።

የቆሎ ተማሪ ለምኖ አዳሪ ስለሆነ በማንም ደጅ ቢቆም ምን ፈለግህ አይባልም። ሁለቱ ሽማግሎች በዚህ አሰቡ። አንዱን ወደ ሰላ ድንጋይ፣ አንዱን ወደ ጎረቤላ፣ አንዱን ወደ አልዩ አምባ ገበያ፣ እኔን ወደ ደብረ ብርሃን ላኩን። ቄሰ ገበዙ ሲያሰናብቱን እንዲህ አሉ፤

«የገቡትን ሰዎች ገደሏቸው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እንዲያ ካላችሁ ሰው የፈለጋችሁትን ይነግራችኋል። መጨረሻ ያያችኋቸው የት ነው በሉ። ሰማሁ የሚላችሁን አመስግናችሁ እለፉ።»

የኔታም ካንድ ሰው የሰማነው እንደማይበቃቸው፣ ሁለት ሰው ቢሆን፣ ሁለቱም የማይተዋወቁ ቢሆኑ እንደሚሻል ጨመሩ።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ አንድ ባንዳ ያዘኝ። አኩፋዳዬን፣ የልመና ከረጢቴን ማለት ነው፣ ገለበጠና ቆሎዬን ጭቃ ላይ ደፋው። ሰላይ ነህ አለኝ። የቆሎ ተማሪ ነኝ ስለው፣ እንግዲያው ዳዊት ድገም አለ። ስደግም በጠብመንጃው ሰደፍ አፌን መታኝ። ቆምኩ። ማን ቁም አለህ ብሎ ደገመኝ። ጥርሴን ከነደሙ ምራቄ ጋር እየዋጥኩ እስከ መጨረሻው ደገምኩለት። «አሁን ዜማህ አማረ» ብሎ ለቀቀኝ።

በሬሳ በሚባለው ወንዝ ዳር ለሰፈሩ ወታደሮች ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት አገኘሁ። አፌን አይታ አፍራ ይሁን አዝና፣ ጎንበስ ብላ ውሃ ሰጠችኝና ታጠብኩ። ከዚያ እንደታዘዝኩት፣ እጃቸውን የሰጡትን ሰዎች መጨረሻ ያየሻቸው የት ነው አልኳት። ዙሪያዋን አየች። ጠብመንጃቸውን ሲያስረክቡ አይታለች፤ ዳቦ አብልተዋቸዋል፤ ፎቶግራፍ አንሥተዋቸዋል፤ ርስታችሁን ልናስረክባችሁ ነው ብለው በካሚዮን ጭነዋቸው ወደ አንኮበር መንገድ ሲወጡ አይታለች። ካሚዮኑ ተመለሰ፤ ሰዎቹ አልተመለሱም። በማግሥቱ ባንዶቹ የበርኖስ ክምር አምጥተው፣ እንለብሰዋለንና እጠቢ አሏት።

ከክምሩ አንዱን አወጣችልኝ። በጥቁር ሱፍ ላይ ደም ለዓይን አይታይም። በእጅ ሲነኩት ነው የሚታወቀው፤ እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኳኳል። ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን አስገባሁ።

«በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው ልጄ» አለችኝ፣ «ሙቅ ካገኘው እዚያው ይቀራል።» ማጠቧን ቀጠለች።

ስመለስ ወደ አልዩ አምባ የሄደው ጓደኛዬ ቀድሞኝ ደርሷል። አንድ የጨው ነጋዴ እስላም ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ነግሮታል። በቅሎዎቹን እየነዳ አቀበቱን ሲወጣ ካሚዮን ቆሞ አየ፤ ሰዎች ከፈፋው አፋፍ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ተደርድረዋል። መትረየሱ ሲንጣጣ በቅሎዎቹ ደንብረው ጨው ተበተነበት። ሰዎቹ ወደ ፊት ነው የወደቁት፣ ወደ ፈፋው።

ሰላ ድንጋይ የሄደው ያመጣው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የገባ ሰው በሕይወት አይቷል። ሰውዬው ከደጁ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል፤ የምሕረት ወረቀቱን ለመጣው ሁሉ ያሳያል፤ መሬቱም ተመልሶለታል። ልጁ ራሱ ነው ያየው፣ ከሰው የሰማው አይደለም።

ጎረቤላ የሄደው አልመጣም። ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንዳዩት፣ አኩፋዳውን ካንገቱ እንዳሰሩበት ነገሩን። ማውረድ ተከልክሏል። የኔታ ከገበያው ማዶ ካለው ሸንተረር ቆመው ፍትሐቱን ከሩቅ አደረሱለት። ያ ልጅ ከሁላችንም በድምፅ ይበልጥ ነበር።

በሚካኤል ዕለት ወንድሜ መጣ። ያየነውንም የሰማነውንም እያንዳንዳችን በየተራ ተናገርን። የሰላ ድንጋዩ ሲሰማ የሚስቱ ወንድም ብድግ አለ።

«ይኸው፣ አንዱ አለ አይደለም እንዴ? እነዚህ ምን አለባቸው፤ በለመኑት ቆሎ ዋሻ ውስጥ ይሞቃቸዋል። የእኛ ልጆች ናቸው የሚያልቁት።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ሰላ ድንጋይ የሄደውን ልጅ፣ ሰውዬው ዘመድ አለው ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁም ሚስቱ የባንዶቹ አለቃ እኅት ናት አለ። ጠብመንጃ አስረክቦ ነበር ወይ አሉት። ጠብመንጃ ኖሮት አያውቅም አለ።

«ያየኸው እውነት ነው» አሉት ቄሰ ገበዙ። «ሰውዬው አለ። የተለቀቀው ግን እንዲታይ ነው። እሱ ባይታይ ሌላው በምን ይገባል?»

ወንድሜ እሳቸውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«በርኖሱን አይተኸዋል ወይስ ነገሩህ?»

«አይቻለሁ። ጣቴን አስገብቼበታለሁ።»

«ጠባቡ ቀዳዳ በየት በኩል ነው?»

«በጀርባው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ ተቦጫጭቋል።»

ጥይት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲወጣም ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። ብዙ ሬሳ አንሥቷል። ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አልገባም አለ። የሚስቱ ወንድምና አንድ ሌላ ሰው ግን ወረቀታቸውን ይዘው የዚያኑ ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን ወጡ። ደርሰን እንልክባችኋለን ብለው ነበር። የላኩት የለም፤ ያያቸውም ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከወረቀቱ ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘው ማስፈራሪያው ነው። ብዙም ሳይቆይ ባንዶች ወታደር መርተው ወደ መንደራችን ወረዱና የገባውንና ያልገባውን ቤት ለዩ። የወንድሜ ሚስት ሕፃኑን ይዛ ከእናቴ ጋር ወደ ጫካ ሮጠች። አባቴ እግሩ አይሄድም። በሩን ከውጭ ዘግተው ክዳኑን ለኮሱት። ከዋሻው ጭሱን አይተን ስንደርስ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተደርምሷል። አባቴን በእጃችን ነው ከአመዱ ያወጣነው፤ ከበሩ ሥር ነበር። መቃብር ለመቆፈር እንኳ ዶማችን ተቃጥሎ ከጎረቤት ተዋስን።

እናቴ መቃብሩ ላይ ቆማ እኔን አየችኝ።

«አንብበህለት ዝም ብትል ይገባ ነበር» አለችኝ። «ቢገባ ኖሮ አባትህ አይቃጠልም ነበር።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ቢገባ ኖሮ እሱን በጥይት፣ አባታችንን ደግሞ በሌላ ሰበብ ይገድሉ ነበር ልላት ነበር። ግን ያልሆነ ነገር ነው፤ ያየውም ሰው የለም፤ እኔም አላየሁትም። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ነኝ እላለሁ። ለእናቴ ግን የማሳያት ነገር አልነበረኝም።

ወንድሜ ነው የመለሰላት። «የወሰንኩት እኔ ነኝ እማዬ። እሱ ያየውን ነው የነገረኝ።»

እናቴ እሱንም አልተቀበለችው። ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈትታ ሰጠችውና ወደ ጎረቤት ቤት ሄደች። ወንድሜ ልጁን በአመድ እጁ ይዞ ቆመ፤ ያን ቀን ነው ፊቱን ያየው። እኔን እናቴ ጣልያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ በስሜ አልጠራችኝም።