የመርጃን ዳጉ

አቶ ሙሀመድሰይድ ባሕር አይተው አያውቁም። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ቢበዛ ያሎን አልፈው እስከ አፋር ቆላ፣ ግመል እስከሚሸመትበት ድረስ ነው። ቆቦ ላይ ግን ግመል የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ መጀመሪያ የሚነሳው የሳቸው ስም ነው። ጥርሱን ሳያዩ፣ አረማመዱን ብቻ አይተው የግመሉን ዕድሜ ይናገራሉ። ሲከራከሩ ድምፃቸው ገበያውን ያቋርጣል፣ መረታት አይወዱም፤ የማያውቁት ነገር ከገጠማቸውም ከሚያውቁት ጋር ያመሳስሉትና ያው ነው ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያዋጣቸዋል፤ ሰውም በዚህ ለምዷቸዋል።

በአንድ ዓመት ላይ፣ ያረገዘች ግመል ጠፍታባቸው አሥራ አንድ ቀን ፈልገዋታል። ፈለጓት ማለት በረሃ ለበረሃ ዞሩ ማለት አይደለም፤ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጠየቁ ማለት ነው። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ እንዲሁ አይተላለፉም። ቁጢጥ ይሉና ዳጉ ይሰጣጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ከብት የት ታየ፣ ማን ታመመ። ወሬውን የሰጠ ወሬ ይቀበላል፣ ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ። ስሙንና መነሻውን ደብቆ የሚያልፍ ሰው ግን ለክፉ የመጣ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ቢተኮስበትም ይህን ያህል የሚያዝንለት የለም። ግመሊቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከነግልገሏ ተገኘች። የጠቆማቸው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይተውት የማያውቁት መንገደኛ ነበር።

እንዲህ ላሉ ሰው ልጃቸው መርከበኛ ሆነ። ካሊድ ሁለተኛ ልጃቸው ነው። ኤሌክትሪክ ተምሮ ተመረቀና ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ ቤት ተቀመጠ፤ በኋላ ቢሾፍቱ ሄዶ የመርከበኛ ሥልጠና ወሰደ፣ ከዚያም መርጃን የምትባል የጭነት መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። እናቱ ራቢዓ ይህን ሥራ አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። መሬት ሞልቶ ሳለ ልጄ ውሃ ላይ ምን ያንከራትተዋል ይላሉ፤ አቶ ሙሀመድሰይድም ግመልም እኮ የበረሃ መርከብ ናት እያሉ ያሾፉባቸዋል። ራቢዓ ግን አይስቁም።

ግንቦት ላይ መርጃን ሙምባይ ወደብ ቆማ ሳለች ካሊድ በቪዲዮ ደወለ። የመርከቧ አሮጌ የመከታተያ መሣሪያ ተበላሽቶ አዲስ እየተከለ ነበር። ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ ያሰረውን አንቴና፣ ወደ ታች የዘረጋውን ገመድ፣ የመሪው ክፍል ውስጥ የገጠማትን ትንሽ ሳጥን በየተራ አሳያቸው። ከአንቴናው እስከ መርከቧ አፍንጫና እስከ ኋላዋ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ አስገብቷል። የመርከቧን ዘጠኝ አኃዝ መለያ ቁጥር ደግሞ አንድ ጓደኛውን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት አድርጓል፤ አንዲት ቁጥር ከተሳተች መርጃን በሌላ መርከብ ስም ትጠራለችና። ሲያበራው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ።

"ይቺ ሳጥን፣ አባ፣" አለ ካሊድ፣ "በየጥቂት ሰከንዱ ለሰማ ሁሉ ትናገራለች። ስሜ መርጃን ነው፣ እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ እየሄድኩ ነው ትላለች። ሌሎቹ የሚሉትንም ትሰማለች።"

"ዳጉ ናታ፣" አሉ አባትየው።

ካሊድ ሳቀ። አዎ፣ የባሕር ዳጉ ናት አለ። ይቺን ቃል ምነው ባልተናገረ! አባቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ባሕር የቀራቸው ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

ጎብዬ የምታስተምረው ልጃቸው ሀናን የመርከቦችን መንገድ የሚያሳይ አፕ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። መርጃን አረንጓዴ ቀስት ሆና በሰማያዊው ላይ ትታያለች። ኔትወርክ ሲገኝ ይከፍቱታል፣ ሲጠፋ ቆመው ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ያደርጉታል። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ እያስማሙ እንኳ መሃል ላይ ከኪሳቸው አውጥተው ያያሉ። ሰዉም ቀልድ አደረገውና ሰላምታ ሲሰጣቸው ከከብቱና ከዝናቡ ቀጥሎ መርከቢቱስ የት ደረሰች ይላቸው ጀመር። እሳቸውም የሰዓቱን ይናገራሉ፤ ኮራ ብለው ነው የሚናገሩት።

ሐምሌ ገባ። መርጃን ሩዝ ጭና ወደ ሰሜን ልታልፍ ወደ ባብ ኤል መንደብ ቀረበች። እዚያ መርከብ ላይ እንደሚተኮስ ቆቦም ተሰምቷል፤ ራቢዓ ሱብሒ ከሰገዱ በኋላ ምንጣፉ ላይ የሚቆዩት ጊዜ ረዝሟል። አንድ ቀን ልክ መግሪብ እንደተሰገደ ካሊድ ደወለ፤ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒቴኑ መኮንኖቹን ሰብስቦ መሣሪያው እንደበራ እንለፍ ወይስ አጥፍተን እንለፍ ብሎ ጠየቃቸው። ሦስቱ ይጥፋ አሉ፤ ካላዩን አይመቱንም። ሦስቱ ይብራ አሉ፤ በጨለማ ከሌላ መርከብ ጋር እንጋጫለን፣ አደጋ ቢደርስብንም የት እንዳለን የሚያውቅ የለም። ባለቤቶቹ ነገሩን ለካፒቴኑ ትተውታል፣ ካፒቴኑ ደግሞ ወደ ካሊድ ዞረ። መሣሪያውን የተከልከው አንተ ነህ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያልከኝ ይሆናል አለው። የሃያ አንድ ሰው ነፍስ ሃያ ሰባት ዓመት በሞላው ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ልጁም እንዳገሩ ልጅ አባቱን ሊያማክር ደወለ።

አቶ ሙሀመድሰይድ መጀመሪያ የተሰማቸው ኩራት ነበር። በኋላ ራሳቸውን የጠሉት በዚህ ነው፤ ከፍርሃት በፊት ኩራት ነበር የመጣው። የአንድ ትልቅ መርከብ ነገር ዞሮ ዞሮ ቆቦ፣ እሳቸው ግቢ ድረስ መጣ።

"እናንተ ሽፍታ ናችሁ እንዴ?" አሉት። "ሩዝ የጫነ ሰው ምን በድሎ ነው ስሙን የሚደብቅ? የሚመታው እኮ ስሙን የደበቀው ነው። አብራው። ስሜ ይኼ ነው፣ ጭነቴ ይኼ ነው በል።"

"እነዚያ የሚተኩሱት ሰዎች እንደኛ አገር ሰው አይደሉም ይባላል፣ አባ።"

"ሰው የትም ሰው ነው። መንገድም መንገድ ነው።"

 ካሊድ እሺ አባ፣ ዱዓ አድርጉልኝ አለና ዘጋ። ራቢዓ ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። አላውቅም ማለት ምን ነውር አለው አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። አቶ ሙሀመድሰይድም የሴት ፍርሃት ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ስልኩን ከፈቱ። ቀስቷ አለች። ልጄ ቃሌን ሰማ አሉ። ክረምት ነውና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሀናን ቤት ነበረች፤ ሦስቱም መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠባቡን መተላለፊያ ወጥታ በሰፊው ውሃ ላይ ወደ ላይ ስትሄድ አዩዋት። ሁለት ሰዓት ላይ አለች። ሦስት ሰዓት ላይ አለች። ራቢዓ እንኳ ትንሽ ፊታቸው ተፈታና ቁርስ አቀረቡ።

አራት ሰዓት ላይ ቀስቷ ቆመች። ሀናን ከሥሯ የተጻፈውን አነበበች፤ የመጨረሻው ምልክት የተቀበልነው ከስድስት ደቂቃ በፊት ይላል። ኔትወርኩ ነው ተባለ። ስልኩ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ከሃያ ደቂቃ በፊት አለ። የሌሎቹ መርከቦች ቀስቶች በዙሪያዋ ይንቀሳቀሳሉ፤ ኔትወርኩ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በፊት አለ፣ ከአራት ሰዓት በፊት አለ። የካሊድ ስልክ አይጠራም። በማግስቱ ሲከፍቱት ቀስቷ ራሷም ከላዩ ላይ የለችም።

ጎረቤታቸው ገዛኸኝ ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናና ነው የመጣው። አይዞህ፣ ልጅህ ብልህ ነው፣ አደገኛው ቦታ ሲደርስ መሣሪያውን አጥፍቶት ነው አላቸው። አቶ ሙሀመድሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሆናል አሉ። ያችን ይሆናል ሁለት ቀን ሙሉ ይዘዋት ዋሉ፤ ልጃቸው ቃላቸውን ጥሶ ቢሆን ብለው ወደ አላህ ለመኑ።

ግመል ሲጠፋ የሚደረገው ይታወቃል። ማን ይጠየቃል፣ የት ይቆማል፣ እግሩ በየት ያልፋል፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አሁን ግን የሚያውቁትን ከማድረግ ሌላ አልመጣላቸውም። የያሎው ወዳጃቸው ሁመድ ዘንድ ደወሉ፤ ሁመድም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለሚሄዱ ዘመዶቹ ዳጉ እንደሚልክ ቃል ገባ፣ እስኪመለስ ግን ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ወጥተው ዋናው መንገድ ዳር ቆሙ። ከጅቡቲ ጭነው ወደ መቀሌ የሚያልፉትን ሹፌሮች ለሻይ በቆሙበት እየሄዱ መርጃን የምትባል መርከብ ሰምታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሹፌሮቹ ያዝኑላቸዋል እንጂ ምን ያውቃሉ። እኛ ወደቡን በአጥር ነው የምናየው፣ አባባ አላቸው አንዱ። እስከ አሱር ሰላት ድረስ በአቧራውና በፀሐዩ ቆመው መኪና ቆጠሩ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ መልስ ያላጡ ሰው፣ አሁን የሚጠይቁትን እንኳ አጡ።

ቤት ሲመለሱ ራቢዓ ውሃ አቀረቡላቸው። ያን ማታ ስለተባለው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቧቸው፣ ቢያለቅሱባቸው፣ አላልኩህም ወይ ቢሏቸው ይቀላቸው ነበር።  

በሦስተኛው ቀን ሀናን ከስልኳ ዜና አነበበች። ሩዝ የጫነች መርከብ ተመትታ ተቃጥላለች፣ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፣ የቀሩትን ሌላ መርከብ አንስቷቸዋል ይላል። የሟቾቹን ስም አይናገርም። ራቢዓ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። አቶ ሙሀመድሰይድ ከሃያ አንድ ሁለት፣ ከሃያ አንድ ሁለት እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። አንዴ ልጃቸው ከአሥራ ዘጠኙ ይሆናል፣ አንዴ ከሁለቱ። ደግሞም የሁለቱ አባቶች የት ይሆኑ ብለው አሰቡ፤ እነዚያ ሰዎች ቆቦ የሚባል አገር መኖሩን አያውቁም፣ የልጆቻቸው ነገር የተወሰነው ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለማን ይናገሩታል?

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የማያውቁት ቁጥር ደወለ። ሀናን ከፈተችና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

"አባ፣" አለ ካሊድ። ድምፁ ሻክሯል። "ደህና ነኝ። ጅቡቲ ነኝ፣ ሆስፒታል።"

ራቢዓ እልል አላሉም፣ አልጮሁም፤ ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። አቶ ሙሀመድሰይድ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል ጠፋባቸው። ካሊድ ሁለቱም እጆቹ ተቃጥለው በፋሻ ተጠቅልለውለታል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘችለት አንዲት ነርስ ናት። ሐኪሞቹ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ይሆናል ብለዋል። የሞቱት ሞተር ክፍል የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ከሱ ጋር አንድ ክፍል የሚተኛው፣ ያን ቁጥር ሦስት ጊዜ ያነበበለት ጓደኛው ነበር።

አቶ ሙሀመድሰይድ አራት ቀን ሙሉ ያፈኑት ነገር አፋቸው ላይ መጣ። መጠየቅ አልነበረባቸውም። ጠየቁ።

"ያ መሣሪያ፣ ካሊዴ... በርቶ ነበር?"

 ከስልኩ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ይሰማል።

"አልበራም፣ አባ። ማታውኑ፣ ካንተ ጋር እንዳወራን አጠፋሁት። ያልከኝን አልሰማሁህም። አውፍ በለኝ።"

አቶ ሙሀመድሰይድ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ። ራቢዓ እያዩዋቸው ነው። ሀናን እያየቻቸው ነው። ያን ቀን ጠዋት፣ ከንጋት እስከ አራት ሰዓት፣ ሦስቱም እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጠው ቀስቷን አይተዋታል። መሣሪያው ማታውኑ ጠፍቶ ቢሆን ቀስቷ እስከዚያ ሰዓት ባልተንቀሳቀሰች ነበር።

ልጃቸው ላልሠራው ጥፋት ይቅርታ እየለመናቸው ነው። እውነቱን አውቃለሁ ቢሉት፣ በተቃጠለ እጁ ከላያቸው ላይ ሊያነሳላቸው የታገለውን ሸክም መልሰው እሱ ላይ መጣል ይሆናል። ምንም ማድረግ አልቻሉም። መቀበል ብቻ ነው የቀራቸው።

"አውፍ ብዬሃለሁ፣ ልጄ፣" አሉት። "ደግ አደረግህ።"

ከዚያ ስልኩን ለራቢዓ ሰጡና ሲያለቅሱ ልጃቸው እንዳይሰማቸው ከቤት ወጡ።