ዝናቡን አሰረ የተባለው ባሌ

እስኪ በማርያም! ጥዑመ ልሳን ዝናብ ሲያስር ይታያችሁ! የገዛ ጫማውን እንኳ አጥብቆ የማያስር ሰው!

ባሌ ነው። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ከሥራ ሲወጣ ጣና ዳር ይወርድና መዳፍ የምታህል መገናኛ ሬዲዮ በአንድ እጁ፣ ከአሮጌ የብረት ሜትር ቁርጥራጭ የሠራትን አንቴና በሌላው ይዞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አንዲት ሳተላይት በላዩ ስታልፍ አንቴናውን ቀስ እያለ አብሯት ያዞራል። ድምፁን እሷ ተቀብላ ወደ ሩቅ አገር ታወርደዋለች፤ ከናይሮቢ ወይም ከጣሊያን አንድ ሰው ይመልስለታል። ምን ይባባላሉ? ስም፣ አገር፣ ደኅና ዋል። በቃ! እሱ ግን ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነው። «ሙሉነሽ፣ ዛሬም ሰሙኝ!» ይለኛል። ፈቃድ አለው፤ ፖሊሶች እንኳ አንድ ጊዜ ጠይቀውት፣ ፈቃዱን አይተው «በርታ» ብለውት ሄደዋል።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲቀር ነው። የሰፈራችን ሰው ግማሹ ከከተማው ዳር በቆሎና ዳጉሳ ይዘራል። አማቴ ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደቅ ደሴት ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው። እዚህ አገር የደብተራ ልጅ ብረት ይዞ ሰማይ ላይ ካነጣጠረ አለቀለት! «ያባቱን አስማት ወርሶ ዝናቡን አሰረው» አሉ። እኚያ በጾም በጸሎት የኖሩ ሰው ከሞቱ በኋላ አስማተኛ ተባሉ! ደሜ ነው የፈላው።

የዕድራችን ዳኛ አቶ ኃይለ ገብርኤል ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ ዕቃዋን እኛ ዘንድ አስቀምጣት። ሰው ይረጋጋ» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የማወራው ከሰው ጋር ነው።»

«እሱንማ እናውቃለን። ግን ብትሰጠን ምናለ?»

«እንዳትሰጥ!» አልሁት በሽማግሌ ፊት። «ከሰጠህ አደረግሁ ማለትህ ነው!»

ወይ ይሉኝታ! ሰጣቸው።

በማግስቱ ዘነበ። መዝነብ ብቻ? ዶፍ! ከየቤቱ እልልታው ቀለጠ። እኔ በሬን ዘግቼ አለቀስሁ። አሁን ይህን ወሬ ማን ይመልሰዋል?

ኅዳር ላይ፣ ዳጉሳው ሲታጨድ፣ አቶ ኃይለ ገብርኤል ሬዲዮዋንና አንቴናዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ። ደስ ሊለኝ ሲል ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ልጄ፣ አዝመራው እስኪገባ ደመናውን ያዝልን። ከዚያ ዕቃዋ ያንተው ናት።»

ድሮስ የማን ነበረች?!

ጥዑመ ልሳን ሬዲዮዋን አየት አየት አደረጋት። እጁ ወደ እሷ ሄዶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

«ጋሼ፣ በዚህ ነገር ብቀበልዎት አባቴ አስማተኛ ነበሩ ማለቴ ነው። ይውሰዷት» አላቸው። ይዘዋት ሄዱ።

ዛሬም ሳተላይቷ የምታልፍበት ሰዓት ሲደርስ ባዶ እጁን ወርዶ ከውኃው ዳር ይቆማል። መንገዷን በዓይኑ ይከተላል። የሚሰማው ሰው የለም። ቅድም ከገበያ ስመለስ ሁለት ሴቶች ወደ እሱ እያዩ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፦

«አሁንማ ብረቱንም አይፈልግ። በዓይኑ ብቻ ነው የሚያስረው።»